ቤት አይያዝም

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ከወንዙ በኩል ዳገቱን እየወጣ ሲጮኽ፣ እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅሁ ነበር። የጋሽ አስፋውን ስም ሲጠራ መፋቂያው አፌ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ጥርስ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ጠዋት በደጄ ሲያልፉ ሰላምታቸው «ጥርስህ እንዴት አደረ?» ነበር። እኔም «ደህና አድሯል፤ ከእኔ ገበያ አያገኙም» እላቸዋለሁ። ይቺን ቀልድ ስንት ዓመት ሙሉ ሳንሰለች ተቀላለድናት። ያን ዕለት ከእንግዲህ መቼም የሚጠይቀኝ ሰው እንደሌለ ሲገባኝ፣ መንገደኛ እያየኝ አለቀስኩ።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ ነበር፤ መጨረሻ መሆኑን ግን ገና ማናችንም አናውቅም።

ከጋሽ አስፋው ጋር ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ነበርን። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። በአንድ ሆስፒታል እኔ መድኃኒት መጋዘን፣ እሳቸው ምድር ቤት ባለችው የጥርስ ወርክሾፕ እንሠራ ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ጥፍራቸው ሥር ጀሶ አይጠፋም። ሰው ሲያናግራቸው ዓይኑን አያዩም፤ አፉን ነው የሚያዩት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ጠረጴዛ እየደበደበ ሲያስጨንቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ ልጅ በግራ በኩል መንጋጋው ተቦርቡሮበታል። ንዴቱ የአብዮት አይደለም፣ የጥርስ ነው» ይሉኛል። ሳቄን ለማፈን ስታገል በሳል እያሳበብኩ ስንቴ ከአዳራሽ ወጥቻለሁ።

ታዲያ እኚህ ሰው ሌላ ሰው የሌለው አንድ አመል ነበራቸው። ከቤታቸው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ አፍስሰው፣ በትንንሽ ወታደሮች ጦርነት ይጫወቱ ነበር።

ጨዋታውን ያዩት ሥራ ካስተማራቸው የውጭ አገር የጥርስ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ቅዳሜ ቅዳሜ የእርሳስ ወታደሮቹን ደርድሮ የአገሩን የጥንት ጦርነቶች እንደገና ይዋጋ ነበር አሉ። አብዮቱ ሲፈነዳ ወታደሮቹን በሻንጣ ከትቶ አገሩ ገባ። ጋሽ አስፋው የራሳቸውን ጦር በራሳቸው እጅ ሠሩ። ጥርስ በሚሠሩበት ሰም ይቀርጹና፣ ጀሶ አፍስሰው፣ ግማሽ ጣት የምታህል ሰው ያወጣሉ። የሱሪው እጥፋት፣ የዝናሩ ጥይት ሳይቀር ይታያል። ማን እንደሚመታ የሚወስነው ባለ ነጥቡ ዳይስም ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራበት ነገር የተሠራ ነው። ከመወርወራቸው በፊት የፊት ጥርሳቸውን በሱ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ዕድል እንዲቀና ይሁን ልማድ ሆኖባቸው እንጃ።

እኔ ሁልጊዜ ጣሊያን ነበርኩ። «አንድ ቀን እንኳ ሐበሻ ልሁን» ብላቸው እሺ አላሉኝም። የሚጫወቱት አንድ ጦርነት ብቻ ነው፤ ማይጨውን። ያውም ውጊያው ካበቃ በኋላ፣ የተረፈው ሰው በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለውን። ሐይቁ የተሰበረ መስታወት ነው። አውሮፕላኖቼ የልብስ መቆንጠጫ ናቸው። ከጠረጴዛው ጥግ አንድ የክብሪት ቀፎ ተቀምጧል፤ ቤት ማለት እሱ ነው። የእሳቸው ሥራ ሰዎቻቸውን እዚያ ማድረስ፣ የእኔ ሥራ መንገዱን መዝጋት። «ማሸነፍማ ማንም ያሸንፋል። ከባዱ ተሸንፎ ሰው ይዞ መመለስ ነው» ይሉ ነበር።

ወታደር ሲሞትባቸው እንደ ዳማ ጠጠር አንስተው አይጥሉትም። በጀርባው ያስተኙትና ቁራጭ ፋሻ ያለብሱታል። ከዚያ የማን ልጅ እንደነበረ፣ ቤት ማን እንደሚጠብቀው ይናገራሉ። «ይሄ የየካው አናጢ ልጅ ነው። ሙሽራ ነው። በሩን ሳይገጥም ነው የዘመተው።» መጀመሪያ ላይ «ጋሽ አስፋው፣ ጀሶ እኮ ነው!» እያልኩ እስቅ ነበር። በኋላ በኋላ እኔም ባርኔጣዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ጨዋታው የሚያልቀው እኔ ሲበቃኝ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ወታደሮቼን አንድ በአንድ እለቅምና «መንገዱ ክፍት ነው» እላለሁ። «ይግቡ» ይላሉ እሳቸው። በቃ፣ ያን ጊዜ የተረፉት ሁሉ ቤታቸው ይገባሉ።

ከወታደሮቹ አንዱ ፊት አልነበረውም። ሌላው አካሉ ተሟልቶ፣ ፊቱ ላይ ጀሶው ልሙጥ ነው። አባታቸው ናቸው። ጋሽ አስፋው እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ሳሉ አባትየው ከዚሁ ሰፈር ተነስተው ማይጨው ዘመቱ፤ በዚያው ቀሩ። ሲሞቱ አየሁ ያለ የለም፣ ቀበርኳቸው ያለ የለም፣ ፎቶ የለም። «መልካቸውን አላውቀውም። እንዴት አድርጌ ልቅረጻቸው?» አሉኝ። አንዳንድ ቅዳሜ ያ ፊት የሌለው ሰው ክብሪቱ ጋ ይደርሳል። ያን ቀን ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ የባላቸውን ፊት አይተው «ዛሬ ገቡ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ሆን ብዬ ክፍተት ተውኩላቸው። ከሳምንት በፊት አባታቸውን በአውሮፕላን መትቼባቸው ሲያዝኑ አይቼ አላስቻለኝም። ጋሽ አስፋው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተቆጥተው አላየኋቸውም።

«አዘንክልኝ?» አሉ።

«ኧረ ሳላየው ነው።»

«አይተኸዋል። ስማ፣ ጌታቸው። ጠላት ጠላት ካልሆነ እኔ መንገዱን መቼ ላውቀው ነው? አባቴ በየት በኩል ቢመጡ ኖሮ ይተርፉ ነበር የሚለውን ነው የምፈልገው። አንተ ስታዝንልኝ እሳቸውን ሁለተኛ ታጠፋብኛለህ።»

ከዚያ ወዲያ እንደ ክፉ ሰው ተጫወትኩ። ወይም መስሎኝ ነበር።

አንዲት ጎረቤት በመስኮት አይታን ኖሮ «አቶ አስፋው አሻንጉሊት እየገነዙ ይጠነቁላሉ» የሚል ወሬ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። እንደ ፈራነው ሰውየው አልከበደንም። ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ማይጨው ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ አስፋው።

«ፀረ ፋሺስት ነዋ!» ደስ አለው። «ለሠራተኞች ቀን አዳራሽ ውስጥ እናሳየው። እኛ ነን አይደል የምናሸንፈው?»

«አይ ጓድ። ማይጨው ላይ አላሸነፍንም።»

ፊቱ ቅጭም አለ። «ሽንፈትማ ለሰፊው ሕዝብ አይታይም» አለና ነገሩ በዚያው ቀረ። ግን ከመሄዱ በፊት ልሞክረው ብሎ የእኔ ቦታ ላይ ተቀመጠ። የሚሸሹትን ወታደሮች ዞር ብሎም አላያቸው። ጣሊያኖቹን በመስታወቱ ዳር አዙሮ አምጥቶ፣ አንዱን ክብሪቱ አናት ላይ ቂብ አደረገው።

«ቤታቸውን ያዝኩት» አለ። «አሁን የት ይገባሉ?»

ጋሽ አስፋው ልጅ እንደሚያርም ሰው ሳቁ። «ጓድ፣ ቤት አይያዝም። ሕጉ ነው።»

«ማን ያወጣው ሕግ?»

«እኔ።»

ሊቀመንበሩም ሳቀ። ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለሚያመው ጥርሱ ምክር ጠይቆ ሄደ። እኛም ጨዋታ የማያውቅ ሰው ያደረገውን እያነሳን ስንስቅ ከረምን።

ጋሽ አስፋውና እትዬ ብርሃኔ አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሳሙኤል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ኳስ ከሚባል ነገር በቀር ሌላ የማያስጨንቀው ልጅ ነበር። ዩኒፎርሙ የሆነችውን ሰማያዊ ሹራብ ትምህርት ጨርሶም አላወለቃትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባውም። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወንድ ልጅ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ ከየመንገዱ እየታፈሰ፣ ጥቂት ወር ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ይጫናል። ከላይኛው መንደር የሄዱት አልተመለሱም። የቀበሌው ምልመላ እኛ ሰፈር ሲቃረብ እትዬ ብርሃኔ እህል አልቀምስ አሉ።

ቅዳሜ ስሄድ ጋሽ አስፋው አሸዋውን አፍርሰውታል። ማይጨው የለም። በምትኩ እንጦጦን ሠርተውታል። ከታች ፈረንሳይ፣ ወንዙ፣ ባሕር ዛፉ፣ አናቱ ላይ ራጉኤል፣ ከጀርባው የእትዬ ብርሃኔ ዘመድ የሆኑ ገበሬ ቤት። ክብሪቱ ያው ጥጉ ላይ ነው። አንድ እፍኝ ቆርኪ ሰጡኝ።

«ዛሬ ጣሊያን አይደለህም» አሉኝ። «ቀበሌ ነህ።»

ለሳሙኤል ግን ወታደር አላቆሙለትም። ከሹራቡ ላይ አንድ ቁልፍ ቆርጠው አሸዋው ላይ አስቀመጡ።

«አባዬ፣ ለሁሉም ሰው ሠርተህ ለኔ ቁልፍ?» አለ ሳሙኤል፣ በር ላይ ተደግፎ እየሳቀ።

«የሠራኋቸው ሁሉ ሞተዋል» አሉት አባቱ። እሱም ሳቁን ተወ።

በዚያ ወር ቅዳሜንም እሑድንም ተጫወትን። ቆርኪዎቼን በሽሮ ሜዳ በኩል አወጣሁ፣ በወንዙ በኩል አወጣሁ፣ ራጉኤል አፋፍ ላይ አደፈጥኩ። ቁልፉን ያዝኩባቸው፤ መንገድ ለወጡ፤ እንደገና ያዝኩባቸው። በመጨረሻ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች የሚወርዱበትን ቀጭን መንገድ አገኙ። ሸክም ለያዘች ሴት ማንም ዘወር ብሎ አያይም። አስካለ የምትባል ለቤቱ እንጨት የምታመጣ ሴት ስትመለስ ምግብ ታደርስለታለች። ቀን ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ማታ ገበሬው ቤት። ቆርኪዎቼን ሁሉ ብበትን ልይዘው አልቻልኩም። ለቅሜ «መንገዱ ክፍት ነው» አልኩ። ጋሽ አስፋው ዳይሱን ጥርሳቸው ላይ ኳ አድርገው፣ ሳይወረውሩ፣ ኪሳቸው ከተቱት።

ሳሙኤል በማግሥቱ ወጣ። ዕቅዱም ሠራ። ጥበቃዎቹ እንጦጦን ሁለት ጊዜ አሰሱ፤ አላገኙትም። አስካለ እንጨቷን ስታወርድ «ደህና ነው፣ ወፍሯል» ትላለች። እትዬ ብርሃኔ መብላት ጀመሩ። ጋሽ አስፋው እኔ ደጅ ሲያልፉ ስለ ጥርሴ ጠየቁኝ።

አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ መጣ። ጨዋ ነበር፤ በሩን አንኳኩቶ ነው የገባው። «ጋሽ አስፋው፣ ልጁ እስኪመጣ ድረስ እርስዎ እኛ ጋ ይቆያሉ» አላቸው። ያኔ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር፤ በልጅ ፈንታ አባት ወይም እናት ሲታሰሩ በየቀበሌው እንሰማለን። ሁለታችንም እናውቀዋለን። በዚያ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ጠረጴዛው ላይ ለእሳቸው የሚሆን ሰው አላቆምንም። ቤቱ ደግሞ፣ ሕግ ነው፣ አይያዝም።

ምግብ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። አልመቷቸውም። አግዳሚ ወንበር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት «ቤቱን ያዘው» ነው። ከዚያ እጄን ጨብጠው «በምንም ምክንያት እንዳይመጣ ንገሩት። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ቢበዛ ምን ያደርጉኛል? እንዳይመጣ» አሉኝ።

ነገርኩ። አስካለም አደረሰች። ግን እንዳይመጣ ስትለው ለምን እንደሆነም ነገረችው፤ ሌላ ምን ታድርግ? «ለምን?» ሲላት ሴትዮዋ አልቅሳለች።

ሳሙኤል በጠራራ ፀሐይ በዋናው መንገድ ወረደ። እንጨት ተሸካሚዎቹ በሚሄዱበት በቀጭኑ መንገድ አልነበረም። ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት። ሰማያዊ ሹራቡን ለብሷል፤ ከመሀል አንድ ቁልፍ የለውም። እናቱ ባዶ እግራቸውን ከኋላው ይሮጣሉ። እኔም ተከተልኳቸው። ቀበሌው በር ላይ አባትየውን ሲያስወጧቸው፣ እሱን ሲያስገቡት ተገናኙ።

«ምን ልሁን ብለህ መጣህ?» አሉት ጋሽ አስፋው። «መንገዱን ሠርቼልህ! ምን ልሁን ብለህ?»

ሳሙኤል አቀፋቸው። ከሳቸው በጣም ይረዝም ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ነው ያቀፋቸው።

«አባዬ፣ ቤት አይያዝም ብለህ የለ» አላቸው።

ከማሠልጠኛው ደህና ነኝ የሚል ቃል አንድ ጊዜ በሰው ላከ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተጫኑ ተባለ። ከዚያ ዝም። በኋላ ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ተበትኖ፣ ያ ሁሉ ሰው እግሩ ቆስሎ፣ ቁራሽ እየለመነ ወደ አገሩ ሲገባ፣ እትዬ ብርሃኔና እኔ መንገድ ዳር ቆመን የእያንዳንዱን ፊት አይተናል። ሳሙኤል እስከ ዛሬ አልመጣም። ሞተ ያለን የለም። ቀበርኩት ያለን የለም።

ጋሽ አስፋው ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተጫወቱም። ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሰላምታም አላቋረጡ። ስለ ጥርስ መጠየቁን ግን ተዉት። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆም ብለው ሲተነፍሱ አላስችል አለኝና «ጋሽ አስፋው፣ ያኔ እኔ ነበርኩ ቀበሌ። ማሰብ ነበረብኝ» አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዙ። «ተው። አንተ ደግ ጠላት ነህ» አሉኝ። «ስንት ዓመት አስተማርኩህ፣ አልሆነልህም። አባቱን አስሬ ልጁን ላምጣ የሚል ሐሳብ አንተ ጭንቅላት ውስጥ ከየት ይመጣል? የኔስ ጭንቅላት ውስጥ?» ከዚያ ወደ እንጦጦ ቀና ብለው፣ ደመናውን አይተው፣ «ብርድ ነው እዚያ» አሉ። እንጦጦን ይሁን ሰሜኑን አልጠየቅኋቸውም።

በጋሽ አስፋው ሠልስት፣ ለቅሶ ደራሹ ሲቀል፣ እትዬ ብርሃኔ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ወሰዱኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ገብቼ አላውቅም።

«አቧራውን ብቻ በብሩሽ ያራግፉ ነበር» አሉኝ። «እኔን እንኳ አላስነኩኝም።»

አሸዋው ላይ እንጦጦ እንዳለ ነው። ቆርኪዎቼም አሉ፤ በዳገቱ ሁሉ መልሰው ደርድረዋቸዋል። ቁልፏ ከራጉኤል ጀርባ፣ ማንም ያልደረሰባት ቦታ ላይ፣ እንደተቀመጠች ናት። ሳሙኤልን እዚያ ሳለ ማንም አልያዘውም ነበርና፣ ከዚያ አላነሷትም።

ታች፣ ጥጉ ላይ፣ ክብሪቱ አናት ላይ አንድ ቆርኪ ተጭኗል። ከክብሪቱ ፊት ለፊት አንድ አዲስ የጀሶ ሰው ቆሟል። አጭር ነው፣ መሣሪያ አልያዘም። ይሄኛው ፊት አለው፤ የዓይኑ ሥር መጨማደድ ሳይቀር ተቀርጿል። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ተራራው ያያል። በመጨረሻ ራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አቁመዋል።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ከራጉኤል አፋፍ ጀመርኩ። ቆርኪዎቼን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ ከሽሮ ሜዳ በኩል፣ ከወንዙ፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ። ኪሴ ሞላ። ክብሪቱ ላይ ያለውን መጨረሻ አነሳሁት። ሳነሳው ክብሪቱን ገፋሁት፤ አስተካክዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰውየውን አልነካሁም።

«መንገዱ ክፍት ነው፣ ጋሽ አስፋው» አልኩ።

ያን ሁሉ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሲሰሙን የኖሩት እትዬ ብርሃኔ ከበሩ ላይ መለሱልኝ።

«ይግባ» አሉ። «ልጄ ይግባ።»